አሥር ላይ የቆመው መርፌ

ቧንቧ ሠራተኛው አሠሪውን መናቅ ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ይኸውም ከተቀጠረበት ማግስት ጀምሮ መሆኑ ነው። ንቀቱ ግን ሥርዓት ያለው ንቀት ነበር። አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ አንድም ቀን አንቱታውን አላጓደለም። ሌላው ሰው አሠሪውን በሚያከብርበት ትጋት እርሱ ይንቅ ነበር፤ ማልዶ፣ ሰዓት አክብሮ፣ ያለ ዕረፍት።

አሠሪው ሽማግሌ ሰው ነው፤ ሠራተኞቹ እርሱ በሌለበት «ጋሽ ለጊዜው» ይሉታል። የተሰነጠቀ መጋጠሚያ በላስቲክ ጠምጥሞ «ለጊዜው ይያዝ» ይላል፤ የጠመመ ቧንቧ በድንጋይ ደግፎ «ለጊዜው ይቁም» ይላል፤ ያ ጊዜ የተባለው ነገር መቼ እንደሚያልቅ ግን እርሱም ደንበኞቹም አያውቁም። የመሣሪያ ሳጥኑን የከፈተ ሰው የሻይ ማንኪያ፣ የዛገ ቁልፍና ግማሽ መነጽር ያገኛል፤ የሚፈልገውን መፍቻ ግን አያገኝም።

ከሁሉ የከፋው ፍተሻው ነበር። በግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ቧንቧ በልስን ከመሸፈኑ በፊት ውኃ ሊሞላ፣ በፓምፕ ሊገፋ፣ ግፊቱም ጌጅ በተባለው መለኪያ እየታየ አንድ ሙሉ ቀን ሊቆይ ይገባዋል። የጌጁ መርፌ ከቆመበት ካልወረደ ቧንቧው ጤነኛ ነው፤ ከወረደ አንድ ቦታ ያፈስሳል። ይህን በሙያው እንጀራ የሚበላ ሁሉ ያውቃል። ጋሽ ለጊዜው ግን ጌጅ የለውም። በየመጋጠሚያው ሥር የጋዜጣ ቁራጭ አንጥፎ ወደ ምሳው ይሄዳል፤ ሲመለስ ጋዜጣው ካልራሰ «ዝጉት» ይላል። የራሰ እንደ ሆነም ገጹን ገልብጦ እንደገና ያነጥፈዋል።

ባለፈው ወር አንዲት ጡረተኛ መምህርት የወጥ ቤታቸው ግድግዳ አብጦባቸው አስጠሩት። ጋሽ ለጊዜው መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ እንደ ሐኪም ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና፣

«አልቦት ነው» አላቸው።

«ግድግዳ ያልበዋል እንዴ?»

«ሙቀት ሲበዛበት ነው፣ እትዬ።»

ቧንቧ ሠራተኛው ከበስተኋላ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። መምህርቷ ወደ እርሱ ዘወር ብለው «አንተስ ምን ትላለህ፣ ልጄ?» ቢሉት፣ «እኔ የምናገረው ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ ነው» አለ። ፈረሰ። ጋሽ ለጊዜው በገዛ እጁ ባጋጠመው ቧንቧ ጥርስ ላይ እንዳያፈስስ የሚከለክል አንዲት ዘለላ ቃጫ እንኳ አልተጠመጠመችም ነበር።

ቧንቧ ሠራተኛው ይህን ሁሉ እቤቱ ገብቶ ለባለቤቱ ያወራል። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ታዳምጠዋለች። አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ግን መኪናዋን አቆመች።

«ስማ አንተ ሰውዬ፤ እኔ ያገባሁት አንተን ነው ወይስ ጋሽ ለጊዜውን?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምሳ ስንበላ እሱ፣ እራት ስንበላ እሱ። የወለድኳቸውን ልጆች እንኳ ስማቸውን ይህን ያህል አላነሣም። ወይ ልቀቀው፣ ወይ ልቀቀን!»

«ለቅቄ የት እገባለሁ?»

«እነዚያ ደውለውልህ የለም እንዴ?»

እነዚያ የተባሉት የጋሽ ለጊዜው ተፎካካሪዎች ናቸው። ድርጅቱን የሚመራው ገና ጎልማሳነት ያልጀመረ መሐንዲስ ነው፤ መኪኖቹ በየቀኑ ይታጠባሉ፤ ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ቱታ ለብሰው፣ ስማቸውን ደረታቸው ላይ አስጠልፈው ይሄዳሉ። ቧንቧ ሠራተኛው ለማንም ባይናገረውም ያንን ድርጅት በሩቁ ሲመለከተው ኖሯል። ሰው የሚንቀው ከሚያከብረው ነገር ጋር እያስተያየ ነውና፣ እርሱ የሚያከብረው ሥራ የሆነ ቦታ መኖር ነበረበት። ከሌለማ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ንቀት ተራ ነጭናጫነት ሆኖ ሊቀር ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ፈቃድ ጠይቆ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሄደ።

መሐንዲሱ በመገንባት ላይ ካለ ሕንፃ ደጃፍ ተቀበለው።

«እንኳን ደኅና መጡ፣ ባለሙያው! ያውላችሁ ሰው ማለት!» ብሎ ማንም ለሌለበት ግቢ አስተዋወቀው። ወዲያው ከብብቱ ሥር ያለውን የላስቲክ አቃፊ መታ መታ አደረገ። «ውሉ ይኸው። ዛሬ ከፈረሙ ነገ ፎርማን ነዎት። ዛሬ ካልሆነ ግን ወረፋ የያዘ ሰው አለ፤ አልደብቅዎትም።»

የራስ መከላከያ ቆብ አድርገው አራተኛ ፎቅ ወጡ። ቧንቧ ሠራተኛው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ቀዩ የሙቅ ውኃ መስመርና ሰማያዊው የቀዝቃዛ ውኃ መስመር በገመድ የተለኩ ያህል ቀጥ ብለው ግድግዳውን ያቋርጣሉ፤ ማሰሪያዎቻቸው እኩል ርቀት ተሰጥቷቸዋል፤ ወለሉ ተጠርጓል። በማእዘኑ፣ ፊቱ የግድግዳ ሰዓት የሚያህል ጌጅ ከነፓምፑ ተተክሏል። አጠገቡ የፍተሻ ቅጽ ተንጠልጥሏል። መርፌው አሥር ላይ ነው።

«ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ነው» አለ መሐንዲሱ። «ፀጉር ታህል አልወረደም።»

ቧንቧ ሠራተኛው ወደ ጌጁ ተጠጋ። እውነትም እንዲህ ያለ ሥራ አለ ማለት ነው! እስክሪብቶ ፍለጋ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ያን ጊዜ ነው ዓይኑ ዝቅ ብሎ በጌጁና በግድግዳው መካከል ያለውን ቫልቭ ያየው። የቫልቭ እጀታ ከቧንቧው ጋር አብሮ ሲተኛ ክፍት ነው፤ ቧንቧውን ሲያቋርጥ ዝግ ነው። ይህኛው አቋርጦታል። መርፌው የሚመሰክረው ጌጁ ስለ ተቀመጠበት አንድ ስንዝር ቧንቧ ብቻ ነበር። በግድግዳው ውስጥ ስላለው ነገር ምንም አያውቅም።

«ይህ ተረስቷል» አለ፤ እንዲህ ያለው ነገር በሰው ይደርሳልና በቅንነት ነበር የተናገረው። እጀታውን አዞረው። መርፌው ገመዱ እንደ ተቆረጠ ባልዲ ቁልቁል ሄዶ ዜሮ ላይ ተቀመጠ። ቧንቧ ሠራተኛው ተንበርክኮ ፓምፑን ይገፋ ጀመር፤ መርፌው እያዘገመ ስድስት ላይ ወጣ። መግፋቱን አቆመና ጠበቀ። አምስት ተኩል፤ አምስት፤ አራት።

«ያፈስሳል» አለ።

መሐንዲሱ አልደነገጠም። በሩን ገፋ አድርጎ መለሰው፤ መጥቶም እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

«ጎበዝ ነህ» አለው። አንቱታው ከመርፌው ጋር አብሮ ወርዷል። «ካንተ በፊት ስድስት ሰው እዚህ አቁሜያለሁ። አንዱም እጀታዋን አላያትም። ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስ እንኳ ፎቶ አንሥቶ፣ አመስግኖኝ ሄደ።»

«ታውቃለህ ማለት ነው?»

«በዚህ ሕንፃ ውስጥ እኔ የማላውቀው ነገር የለም።»

«የት ላይ ነው የሚያፈስሰው?»

«እሱን እንኳ አላውቅም» ብሎ ሳቀ። «ብፈልገው ሥራው ይጓተታል። ውኃው ብቅ የሚለው እኛ ሕንፃውን ካስረከብን በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ስሙ ጥገና ነው።»

«ከታች ያሉት ሦስቱ ፎቆችስ?»

«ሴራሚክ ለብሰው፣ አምረው፣ ተዘግተዋል።»

«አስከፍታቸው።»

«ቀልደኛ ነህ ልበል?»

«እኔን ለምን ፈለግኸኝ ታዲያ?»

«ለፊርማህ ነዋ! ስለ አንተ እኮ ‹እሱ ከፈረመበት ማንም ለፍተሻ አይድከም› ይባላል። ስምህ ቅጹ ላይ ካለ አማካሪውም ደረጃ አይወጣም። አንተ እጀታዋን ማየት የምትችል ሰው ነህ፤ እጀታዋን የት እንደምታደርጋትም አይጠፋህም።»

ቧንቧ ሠራተኛው ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ። መሐንዲሱን ከጫማው እስከ ቆቡ ቀስ ብሎ አየው። ለካስ እስከዚያ ቀን ድረስ ንቀቱን ያለ ቁጠባ ሲያባክን ኖሯል፤ ይህን የመሰለ ሰው ሊመጣበት እንደሚችል አላሰበም ነበር።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሞኝ ሰው እየናቅሁ ኖርሁ» አለው። «እሱ እንኳ ሲያፈስስበት ይደነግጣል። አንተ እያወቅህ ፎቶ ታስነሣዋለህ። ፊርማዬን አይደል የፈለግኸው? እንካ።»

ከተንጠለጠለው ቅጽ ላይ «ያፈስሳል» ብሎ ጽፎ፣ ከሥሩ ስሙን ሳይቸኩል ፈረመበት። መሐንዲሱ ወረቀቱን ገንጥሎ ጨመደደው፤ ከበስተኋላው ሌላ ንጹሕ ቅጽ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ወረቀት ሞልቶሃል» አለ ቧንቧ ሠራተኛው። «ለአማካሪው ግን በራሴ ወረቀት ጽፌ፣ በእጄ እሰጠዋለሁ።»

«ሂድ እንግዲህ፣ ከሽማግሌው ጋር ጋዜጣህን አንብብ!» አለ መሐንዲሱ ከኋላው። ለካስ የጋዜጣው ነገር በሙያተኛው ሁሉ ዘንድ መሣቂያ ኖሯል።

ወረቀቱን ጽፎ ለአማካሪው ሰጥቶ ሲመለስ፣ መንገድ ላይ ባለቤቱ ደወለች።

«ውሉን ፈረምህ?»

«አልፈረምሁም።»

የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ። «እና ያንን ሰውዬህን ደግሞ ልሰማው ነው?»

«አትሰሚውም። ወይ ይስተካከላል፣ ወይ እቤት ተቀምጬ ቁልፍ እተክልልሻለሁ።»

«አንተ? መርፌውን ያሳየህ!» አለችና ሳቀች፤ መኪናዋም ቀጠለች።

ጋሽ ለጊዜው ከወርክሾፑ በር ላይ በቧንቧ ክምር ተቀምጦ አንድ ብሎን በቢላዋ ጫፍ ይፈታል።

«ሄደሃል አሉ» አለ ቀና ሳይል።

«ሄጄ ነበር።»

«ያንን ቱታ አለበሱህ?»

«ሊያለብሱኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን አመጣህ?»

«ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ሳልለካው አንድም ግድግዳ አይዘጋም። ጌጅ ይግዙ።»

«ምን ቸገረ፤ ለጊዜው እንኳ...»

«አሁን ይግዙ። እስኪገዙ መፍቻ አልነካም።»

«እምቢ ብልስ? ወደ እነሱ ትሄዳለህ?»

አዎ ቢለው ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ነገር ግን ያንን ሰው ለማስፈራሪያ ያህል እንኳ በአፉ መጥራት ቀፈፈው።

«የትም አልሄድም። እቤቴ እገባለሁ።»

ሽማግሌው ቢላዋውን አስቀመጠ። ወደ ተፎካካሪ የሚሄድን ሰው ከዳተኛ ብሎ መራገም ይቻላል፤ እቤቱ ለመቀመጥ የሚሄድን ሰው ግን ምን ይሉታል? እያጉረመረመ ተነሣ፤ ኮቱን ደርቦ ወጣ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዞ፣ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። «ይኸውልህ! ግፊት በደንብ ይለካል ብሎኛል ባለሱቁ።»

ቧንቧ ሠራተኛው ዕቃውን አገላብጦ አየው። ጀርባው ላይ የጎማ ሥዕል አለበት።

«ጋሼ፣ ይህ የመኪና ጎማ መለኪያ ነው።»

«ግፊት ግፊት አይደለም እንዴ?»

«ይመልሱት።»

ሽማግሌው አንድ ጊዜ ጫማውን፣ አንድ ጊዜ የመጣበትን መንገድ አየ። ከዚያ ዕቃውን በላስቲኩ መልሶ ጠቀለለና ወጣ።

«የውኃ! የውኃ ቧንቧ ይበሏቸው!» ብሎ ጮኸለት።

ሽማግሌው ሳይዞር እጁን አነሣ። ቧንቧ ሠራተኛው በሩን ተደግፎ፣ ይህ ሰው በሁለተኛው ዙር ደግሞ ምን ይዞ ሊመጣ እንደሚችል እያሰበ፣ መፍቻውን ሳይነካ ጠበቀው።