ገለባ የለበሰ ማሳ

«እንግዲህ እትዬ፣ ነገ ጠዋት ትራክተሩን ይዤ እመጣለሁ» አላት የባሏ ታናሽ ወንድም፣ የሻይ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ። «አንቺ ምንም አታስቢ። ዝናቡ ሳይመጣ ማሳውን ገልብጠን እናስረክብሻለን። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተስማምቶበታል። ለወንድሜ ካላደረግነው ለማን ልናደርገው ነው?»

ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ግድግዳውን ተደግፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ጥቁር ሻሿ ግንባሯ ድረስ ወርዷል። ምን ትበል? እንዲህ ላለ ደግነት መልሱ አንድ ነው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

ማሳው ግን ማረሻ ከነካው አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ባሏ ሊሞት አራት ቀን ሲቀረው ደግሞ እጇን ጨብጦ፣ «አደራ፣ እንዳታሳርሺው» ብሏት ነበር። እሷም «እሺ» ብላዋለች። ግን ምን ዓይነት እሺ! ትኩሳት ያቃጠለውን ሰው ዝም ለማሰኘት የሚባል እሺ።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ፔርሙዙን እየተቀባበሉ ያንሾካሹካሉ።

«ምስኪን፣ ያ የገለባ ነገር ባይዘው እኮ ትልቅ ሰው ነበር።»

«ነካ አድርጎት ነበር ይላሉ። ሰው እንዴት መሬቱን ሳያርስ ይዘራል?»

የምትሰማቸው አልመሰላቸውም። ሐዘንተኛ ጆሮ የለውም ያላቸው ማን ይሆን? አንዲት ቃል አላመለጣትም። ይባስ ብሎ የሚሉት ነገር ከራሷ አፍ የወጣ መሰላት፤ እውነት ለመናገር ደግሞ ወጥቷል።

ሰውዬው እንዲህ ሆኖ አልተፈጠረም። በዚያ አገር የመጀመሪያውን የውሃ ሞተር ያመጣው እሱ ነው። ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ቱቦ ዘርግቶ፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ሽንኩርት ያወጣ ነበር። ያኔ ማን ይስቅበታል! ሰው ሁሉ ምክር ፍለጋ ደጁን ይጠና ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከሱ የተማሩ ሃያ ሞተሮች ከጠዋት እስከ ማታ ይንደቀደቁ ጀመር። ከኮረብታው ሥር የነበረችው፣ ሴቶች የሚቀዱባት ምንጭ በሁለተኛው ዓመት ቀጠነች፤ በአራተኛው ጠፋች። «ዘመኑ ነው» ተባለና ታለፈ።

እሱ ግን ነገር የማይለቅ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስሮ ወደ ጉድጓዱ ይሰድና ውሃው የት እንደደረሰ ይለካ ነበር። ስድስት ሜትር የነበረው አሥር ሆነ፣ አሥሩ አሥራ ስምንት። አንድ ቅዳሜ ድንጋዩ ደርቆ ወጣ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላም። ደፍ ላይ ተቀምጦ ድንጋዩን ያገላብጣል።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለችው።

«ጠጥቼ ጨረስኩት።»

«ምኑን?»

«ውሃውን ነዋ! የልጅ ልጆቻችንን ውሃ ለሽንኩርት አጠጥቼ ጨረስኩት።»

«ሌላው ሲጠልቅበት ጥልቅ አድርጎ ያስቆፍር የለ? አንተም አስቆፍር።»

ቀና ብሎ አያት። ያን ሳምንት ሞተሩን አስነቅሎ ሸጠው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በቆሎና ባቄላ ብቻ መዝራት፣ መሬቱን ሳያርሱ በእንጨት ጫፍ እየወጉ ዘር መጣል፣ ጎርፉ እንዳያመልጥ ተዳፋቱን በግማሽ ጨረቃ እርከን መክተር፣ በላዩ ላይ ደግሞ ገለባ። ገለባ በያይነቱ! የራሱ ሲያልቅበት ከሰው አውድማ ይለምን ነበር።

«ለከብት ነው?» ይሉታል።

«ለመሬት ነው። ፀሐይ እንዳይመታው አለብሰዋለሁ።»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ስሙም እዚያው ላይ ወጣለት፤ ገለባው ተባለ። የመጀመሪያው ዓመት እህል አነሰ፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። እሷ በእፍረት ልትሞት ደረሰች። ከዚያ ወዲያ እልህ ይዟት እግሯን ወደ ማሳው አላነሳችም፤ ቤቷ ቁጭ ብላ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። በኋላ እህሉ እየተሻሻለ ሲመጣ እንኳ «ዕድል ነው» ብላ አለፈችው።

አንድ ቀን እንግዳ በተሰበሰበበት፣ «እኔማ ባሌን ለገለባ ድሬዋለሁ» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እሱም አብሮ ሳቀ። ቆየት ብሎ ተነሳና ወጣ፤ ማሳው ላይ ውሎ አመሻሽ ላይ ተመለሰ። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አንስቶባት አያውቅም። ምነው ተቆጥቶ፣ ምነው ሰድቧት ቢሆን ኖሮ! ፍራሹ ላይ ከተቀመጠች ጀምሮ አንጀቷን የሚበላት ያ ሳቁ ነው።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል እህቷን ጠጋ አለቻት።

«ትራክተሩ እንዲቀር እፈልጋለሁ።»

«አብደሻል? በሐዘንሽ ቀን የተዘረጋልሽን እጅ ልትመልሺ? ሰው ምን ይላል?» አለች እህቷ። «ደግሞስ አንቺ ራስሽ መቼ አምነሽበት ታውቂያለሽ?»

«አላመንኩበትም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እሺ ብዬዋለሁ።»

እህቷ ከንፈሯን መጠጠች። «ተይ እባክሽ፣ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያናግርሽ» ብላ ትራሱን አስተካከለችላት። ሌላም ሰው ገባ፤ ነገሩ በዚያው ተድበሰበሰ።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት አሮጊት ጎረቤቷ የባሏን ልጅነት እያነሱ ሲያጫውቷት የሞተር ድምፅ ሰማች። ድምፁ መንገዱን ጨርሶ በጓሮ ዞረ። ብድግ አለች። ሴቶቹ ልቅሶ የገነፈለባት መስሏቸው ክንዷን ያዙ፤ አስለቀቀቻቸውና በነጠላ ጫማ እየሮጠች ወጣች።

የጎረቤቶቹ ማሳዎች ታርሰው ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል፤ ነፋሱ አፈራቸውን እንደ ዱቄት ያበንነዋል። የባሏ ወንድም አንዱን ትልም ከዳር እስከ ዳር አውጥቶ፣ ሁለተኛውን ሊጀምር ትራክተሩን እያዞረ ነው። ከፊቱ ሄዳ ቆመች።

«አቁም!»

«እትዬ! ምን ሆንሽ? ኧረ ዞር በይ!»

«አቁም አልኩህ!»

ፍሬኑን ረገጠው። «ለሱ ክብር ብለን እኮ ነው!» አለ፤ ድምፁ ተሰባብሯል። እሱም ወንድሙን ያጣ ሰው ነው።

«አውቃለሁ ወንድሜ። ደግነትህን አልረሳም። ግን እንዳታሳርሺው ብሎኛል።»

«ታሞ ነዋ! ያኔ ምን የማይለው አለ?»

«በጤናው ነው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲነግረኝ የኖረው። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ብላ ትልሙ ዳር ተንበረከከች። የተገለበጠውን ጓል ወደ ቦታው ልትመልስ እጇን ሰደደች፤ እዚያው ደርቃ ቀረች። አፈሩ ይቀዘቅዛል። ርጥብ ነው። ዝናብ ከዘነበ አምስት ወር ሆኖታል፤ ከገለባው ሥር ያለው መሬት ግን ጠቁሮ፣ ርሶ፣ የምድር ትል ይርመሰመስበታል። እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ ከተተችው።

ያኔ አለቀሰች። ቀብሩ ላይ ያላወጣችው እንባ ሁሉ ወጣ። «ይቅር በለኝ» አለችው፣ «ሳልመጣ! አንድ ቀን እንኳ መጥቼ ሳላይልህ!»

የባሏ ወንድም ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ከአጠገቧ ቁጢጥ ብሎ አንድ እፍኝ አፈር አነሳና ጨበጠው፤ እጁን ሲከፍተው አፈሩ እንደተጨበጠ ቀረ። የሱ ማሳ ድንበሩ ላይ ነው፤ አሻግሮ የራሱን አቧራ አየ።

«ይሄ ውሃ ከየት መጣ?»

«ከየት ይመጣል፣ ከሰማይ ነዋ። አምና የዘነበው ነው። እሱ አስቀምጦት ነው።»

ሰውዬው ኮቱን አውልቆ መሪው ላይ ሰቀለውና ከትልሙ ሌላ ጫፍ ጀመረ። ሁለቱም በየፊናቸው ጓሉን በእጃቸው እየመለሱ፣ ገለባውን በላዩ እያለበሱ፣ መሀል ላይ ተገናኙ።

እህቷ ከጓሮው በር ተጣራች። «ሰው መጥቷል! ከሩቅ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ቆመው እየጠበቁሽ ነው!» እንደደረሰች እህቷ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያ ይዛ ሮጠች። «ነይ እጅሽን ላስታጥብሽ፣ በሞቴ! እንዲህ ሆነሽ ሰው ፊት?»

«ይቆይ» አለቻት፣ በቀስታ ማንቆርቆሪያውን ገፋ አድርጋ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ብብታቸው ውስጥ አድርገው «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» እያሉ እጃቸውን ዘረጉ። ጭቃ የለበሰ እጇን ሰጠቻቸው።