የመምህር ሙባረክ አምስት ጣቶች

መርሳ ከተማ ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ መቃብር ቆፋሪዎች ይጠራሉ፤ ቀጥሎ መምህር ሙባረክ ይጠራል። ድንኳን ተተክሎ፣ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ከተቀመጠ በኋላ እሱ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ ካልተናገረ ለቅሶው ለቅሶ አይመስልም። ዕድሜውን ሙሉ ሥነ ዜጋ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ የሚያስተምረው ሰው ስላጣ፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ድንኳን የሚያስቀብረው የሰፈሩ ዕድር፣ ቅሬ የሚሉት፣ ተማሪው ሆኖለታል። ቅሬ ደግሞ ጥሩ ተማሪ ነው። ሐዘንተኛ ጥያቄ አይጠይቅም፣ አይከራከርም፣ መሐል ላይም ተነስቶ አይወጣም። ይህችን የመጨረሻዋን ደንብ ያስወሰነው ራሱ ሙባረክ ነው፤ ምርቃት ሳይዘጋ ከድንኳን የወጣ ይቀጣል። ንግግሩን ጥለው የሚወጡ ሰዎች ክፉኛ ያናድዱት ነበር።

ሰሞኑን ሥራ በዝቶበታል። ከሰፈሩ ልጆች ገሚሱ ጫካ ገባ፣ ገሚሱ መለዮ ለበሰ፣ መርዶውም ከሁለቱም በኩል ይመጣል። ሙባረክ እንደ ሌላው «እግዜር ያጥናችሁ፣ አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። እሱ ያስረዳል። ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይዘረጋል፤ ጦርነት ፍትሐዊ የሚባለው እነዚህ አምስቱ ሲሟሉ ነው ይላል። አውራ ጣት፦ በደል ደርሷል ወይ? አመልካች ጣት፦ የተነሳው ሰው ሐሳቡ ንጹሕ ነው ወይ? መሐል ጣት፦ ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ አልቋል ወይ? የቀለበት ጣት፦ ተስፋ አለው ወይ? ትንሿ ጣት፦ ከሚያጠፋው የሚያድነው ይበልጣል ወይ? አምስቱም ተዘርግተው ሲያልቁ መዳፉን ለሕዝቡ ያሳያል። ሁልጊዜም ተሟልተው ይገኛሉ።

በገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው የአበበች ልጅ፣ ዮሴፍ፣ ጫካ ገብቶ የሞተ ጊዜ እንዲሁ ቆጠረላት። አበበች ፊቷን መቧጨር ትታ ጣቶቹን ስታይ ዋለች። ብዙም ሳይቆይ የቅሬው ዳኛ የሆኑት የሼህ ኡበይደላ ልጅ፣ ረዲ፣ መለዮ እንደለበሰ ተገደለ፤ ሙባረክም እዚያው ድንኳን ውስጥ ቆሞ ያንኑ ቆጠረ። ብቻ ለረዲ በግራ እጁ ነው የቆጠረው። ለምን ቢሉት ቀኝ ትከሻዬን ያመኛል ሊል አስቦ ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም። ሁለቱ ልጆች ምናልባትም እርስ በርስ ተታኩሰው ይሆናል። ለሁለቱም ግን ጦርነቱ ፍትሐዊ ነበር፤ ደግነቱ ለሙባረክ የተሰጠው እጅ ሁለት ነው።

የዮሴፍ አርባ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ወልድያ የሚማረው የሙባረክ ልጅ ሂሻም ቤት መጥቶ ምሳ እየበሉ ነበር።

«አባዬ፣ ነገ እሄዳለሁ» አለ።

«ትምህርት ተከፈተ እንዴ?»

«ወልድያ አይደለም። ጫካ ነው።»

ሙባረክ ጉርሻውን ወደ ገበታው መለሰ። ሚስቱ ሀጂራ ወጥ ልትጨምር ያነሳችውን ጭልፋ እንደያዘች ደርቃ ቆመች።

«በዮሴፍ ለቅሶ ከኋላህ ተቀምጬ ነበር» አለ ሂሻም፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። «አምስቱም ተሟልቷል ካልክ እኔ ቤት ተቀምጬ ምን እሠራለሁ?»

«እሱ እኮ ማጽናኛ ነው!»

«ውሸት ነበር?»

«ማጽናኛ ነው አልኩህ!» ሙባረክ ቀኝ እጁን አነሳ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረ። «በደል? አንተን ማን በደለህ? ጫማህ አዲስ፣ ስልክህ አዲስ! ንጹሕ ሐሳብ? ጓደኞችህ ፈሪ እንዳይሉህ ነው፣ አውቅሃለሁ! ሌላ መንገድ? ሽማግሌ ገና መች ተላከ? ተስፋ? ከሰማይ የሚመጣውን በክላሽ ልትመልስ ነው? ጥፋቱ ደግሞ...» እዚህ ላይ ሀጂራን አያትና ቃሉን ዋጠው። አምስቱም ታጥፈው እጁ ቡጢ ሆኗል፤ ቡጢውን ምን እንደሚያደርግበት ግራ ገብቶት ከገበታው ሥር ደበቀው።

«ለዮሴፍ አልታጠፉም ነበር» አለ ሂሻም።

«ፍትሐዊ አይደለም አላልኩም! ፍትሐዊ ነው! የሕዝብ ግዴታ ነው!»

«ሕዝቡ ማነው?»

«ሌላው ሰው!»

ሀጂራ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ሰማህ ሂሻም? ሌላው ሰው ይሂድ ነው የሚልህ አባትህ። የአበበችን ልጅ የመሰለ ሌላ ሰው።»

ሂሻም እጁን ሊታጠብ ተነሳ። «ነገ የዮሴፍ አርባ ነው። እንደ ልማድህ ተናገር ይሉሃል። እዚያው በተናገርክበት ቦታ ቆመህ አሁን ለእኔ ያልከውን በል። ካልክ እቀራለሁ፤ ወላሂ እቀራለሁ። ካላልክ ግን ሻንጣዬን ይዤ ነው የምመጣው።»

ሙባረክ እፎይ አለ። ልጁን የሚያስቀርለት ንግግር ብቻ ከሆነ፣ ንግግር መች ቸግሮት ያውቃል? በማግስቱ ማለዳ መስታወት ፊት ቆሞ «ወገኖቼ፣ ተሳስቼ ነበር» እያለ ተለማመደ። ትሕትና እንዲህ እንደሚያምርበት አያውቅም ነበር፤ ደግሞ ደጋግሞ አለው።

በአበበች ደጅ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ለየብቻ ታርዶ፣ ለየብቻ ተበልቶ፣ ሰው ሁሉ አንድ ድንኳን ውስጥ ገባ። የቀበሌው ሚሊሻ ንጉሴ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ የሟችን ስም ያልሰማ መስሎ ጥርሱን ይጎረጉራል። ሼህ ኡበይደላ ዘንጋቸውን ተደግፈው ከፊት ተቀምጠዋል። ሀጂራ ከሴቶቹ መሐል ናት። ሂሻም ሻንጣውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በራፉ ላይ ቆሟል።

ሙባረክ ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። ገና «ወገኖቼ» ከማለቱ አበበች ካለችበት ሆና ቀኝ እጇን አነሳች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያቺን ያምስቱን ጣት ነገር ይድገሙልኝ። አራተኛው ጠፋኝ። ሽንኩርት ስመዝን እቆጥራለሁ፣ ስተኛ እቆጥራለሁ፤ ሦስት እልና ትንሿ ላይ እዘላለሁ። አንዱ ከጎደለ ልጄ በከንቱ ቀረ ማለት ነው ብዬ እፈራለሁ።»

እጇ ገበያ የከረመ እጅ ነበር፣ ጥፍሩ ሥር ሳይቀር የሽንኩርት ልጣጭ የገባበት። አራቱን ጣት ዘርግታ የቀለበት ጣቷን አጥፋ ትጠብቃለች።

አሳዘነችው። ከልቡ አሳዘነችው፤ የሰውን በጎ አንካድ። «ተስፋ አልነበረውም አበበች፣ ልጅሽ በከንቱ ነው የሞተው» ብሎ እንዴት ይበላት? በራፉ ላይ ሂሻምን አየው፤ ሂሻምም አየው። ነገር ግን ድንኳን ሙሉ ሰው አንገቱን አስግጎ ሲጠብቀው፣ ከሐዘኔታው ሥር ያ የቆየ ደስታውም ብቅ አለ። መጀመሪያ ላጽናናት፣ ቀጥዬ ተሳስቼ ነበር እላለሁ ሲል አሰበ። የሚሆን መስሎት ነበር።

«አራተኛዋ፣ አበበች፣ ተስፋ ናት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያማ ማን ያቁመው! እንደዚያን ቀን ተናግሮ አያውቅም። በደሉን አወሳ፣ የዮሴፍን ንጹሕ ልብ አወሳ፣ ተዘግተው የቀሩትን በሮች አወሳ፣ ሞቶ እንኳ የማይሞተውን ተስፋ አወሳ። ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ። ንጉሴ እንባውን በጠመንጃው ማንገቻ ጠርጎ፣ ያየው ሰው እንዳለ ዙሪያውን ቃኘ። ሼህ ኡበይደላ ብቻ ወደ ተዘረጋው ቀኝ እጅ አላዩም፤ ዓይናቸው ሥራ ፈትቶ የተንጠለጠለው ግራ እጁ ላይ ነበር። አበበች የቀለበት ጣቷን ቀስ ብላ ዘረጋች፤ አምስት ሞላላት። ከዚህ በኋላ ተሳስቼ ነበር ለማለት የሚያስችል አፍ ለሙባረክ አልተፈጠረለትም። ተቀመጠ።

ወደ በራፉ ዞረ። ብርሃን ብቻ ነበር።

ዘሎ ተነሳ።

«መምህር፣ ወዴት ነው?» አሉ ሼህ ኡበይደላ። «ምርቃቱ መች ተዘጋ? ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት እኮ።»

ሰዉ በለቅሶው መሐል ፈገግ አለ። ሙባረክም አብሮ ፈገግ ሊል ሞከረና እንደገና ተቀመጠ። ሀጂራን ግን ደንብ አላገዳትም፤ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ወጥታለች። ከአስፋልቱ በኩል የሚኒባስ ረዳት «ውርጌሳ! ውርጌሳ!» እያለ ይጣራል።

ሼህ ኡበይደላ ምርቃታቸውን አላሳጠሩም። ስለ ዝናቡ መረቁ፣ ስለ ማንጎው መረቁ፣ ጫካ ላሉትም ካምፕ ላሉትም እኩል መረቁ። ሙባረክ እንደ ሁሉም ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል፤ ጆሮው ግን አስፋልቱ ላይ ነው። ረዳቱ ዝም አለ። የመኪና በር ጓ ብሎ ተዘጋ፤ ሞተሩም እየራቀ ሄደ።

ሀጂራ ተመለሰች። እግሯ አቧራ ለብሶ፣ ብቻዋን፣ ልጇ ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ ቆመች። ባሏን አየችው።

«እኔም ልመርቅ» አለች አበበች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ እየተነሳች። ፊቷ ከአርባ ቀን ወዲህ እንዲህ ተፈቶ አያውቅም። «መምህር፣ ዛሬ ልጄን መልሰው ሰጡኝ። እግዜር ልጅዎን ያኑርልዎ።»

ሙባረክ አሥር ጣቶቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ከሁሉም ድምፅ በላይ «አሚን!» አለ።