ፕሌይ ሲሸጥ የሚቀረው ገመድ

መጀመሪያ የሰማው ጉርርር የሚል ድምፅ ነው። ሲያጉረመርም ይቆይና፣ አጥንት እንደተሰነቀረበት ድመት አንዴ እኽ ብሎ እንደገና ይቀጥላል። ደሳለ ከቅዳሜ ገበያ የገዛውን ሽንኩርት እንዳንጠለጠለ መንገዱ ላይ ቆመ። የቤቱ በር ከመታጠፊያው ወዲያ ስለሆነ ገና አይታይም። ድምፁን ግን ለይቶታል፤ የፕሌይስቴሽን አራቱ ማራገቢያ ነው። አራቱን ደግሞ ሸጦታል፤ ፍላቂት ከገባ ሰንብቷል።

አባቱ አያ ሀብተ ሥላሴ፣ የሸጧት ላም ከገዢው በረት አምልጣ ደጃፋቸው መጥታ ስታገሳ የሰሙበትን ቀን ሲያወሩ፣ ደስታ አይደለም የተሰማኝ፣ እንዲያው ያልከፈልኩት ዕዳ ያለብኝ መሰለኝ ይሉ ነበር። ደሳለ ያኔ አልገባውም። አሁን ገባው።

ደሳለ ላሊበላ ሰባት ወይራ ሰፈር ውስጥ፣ አብሮ አደጉ ከሆነው ከሙሉሃብት ጋር በሽርክና ፕሌይ ቤት አለው። አንዲት ክፍል፣ ሁለት ስክሪን፣ ከቆርቆሮው ሥር የተደረደሩ አግዳሚዎች። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ቁጭ ብሎ ቀጣዩን ይጠብቃል፤ ሕጉ ይኼው ነው። መሣሪያዎቹን የሚጠሯቸው በቁጥራቸው ነው፤ ሁለቱ፣ ሦስቱ፣ አራቱ እያሉ። አዲስ አበባ አዲስ ቁጥር ሲገባላት አሮጌው ደሴ ይደርሳል። ደሴ ሲጠግበው ወደ ወልድያ ያልፋል፣ ወልድያ ሲሰለቸው ወደ ላሊበላ። ከላሊበላ ፍላቂት፣ ከፍላቂት ወገል ጤና። ውኃ ቁልቁል ይወርዳል፣ ፕሌይ ግን ሽቅብ ነው የሚወጣ ይላል ሙሉሃብት። ደሳለ ደግሞ ብቻውን ሲሆን፣ ከወገል ጤና በኋላ የት እንደሚደርሱ ያስባል። ከዚያ በላይ ያለው ሰማይ ነው። ምናልባት ከደመናው ኋላ ፈረንጅ የረሳቸው ፕሌዮች ሁሉ የተከመሩበት፣ ነፋስ ሲነካቸው ብቻ የሚበሩበት አንድ ሜዳ ይኖር ይሆናል። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

በላስታ ከብት ሲሸጥ ገመዱ አይሸጥም። ሻጭ ከአንገቷ ፈትቶ ያስቀረዋል፤ ገዢም የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል። ገመዱ አብሮ ከሄደ የበረቱ በረከት ተከትሎት ይወጣል ይባላል። ደሳለ ይህን ልማድ ከአባቱ ደጅ አንስቶ ፕሌይ ቤት አስገባው። ሁለቱን ሲሸጥ ጨዋታ የሚቀመጥባትን ትንሿን ካርድ አስቀረ። ሦስቱን ሲሸጥ አንድ ጆይስቲክ አስቀረ። ገዢዎቹም የአገር ልጆች ናቸውና አልተከራከሩትም።

አራቱን የገዙት ግን ወይዘሮ ኡሙሀኒ ናቸው። ፍላቂት መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አላቸው፤ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ለወጣቱ ፕሌይ ቤት ሊያደርጓት አስበው መጡ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ገብስና ምስር ሲነግዱ የኖሩ ሴት ስለሆኑ ዓይናቸው ምንም አያልፈውም። ጆይስቲኮቹን ከነገመዳቸው፣ ኬብሉን፣ ካርቶኑን ሳይቀር አንድ በአንድ ተረከቡ። ለማስቀረት የሚሆን ነገር ጠፋ። ደሳለም የማይታየውን አስቀረ፤ አካውንቱን፣ ማለትም ጨዋታዎቹ ሁሉ የተመዘገቡበትን ስምና የይለፍ ቃሉን። ጨዋታዎቹ እንደተጫኑ ናቸው፣ ሲነኳቸው ይከፈታሉ። ስም ብቻ ነው የቀረው፣ ስም ደግሞ አይጎድልባቸውም ብሎ ራሱን አሳመነ። ለእሳቸው አልነገራቸውም።

በአራቱ ቦታ አምስቱ መጣ። አቅማቸው የደረሰው ዲስክ የሚገባበት አፍ የሌለው ዓይነት ላይ ነበር፤ በሳጥን የሞሉ የድሮ ዲስኮች የስኒ ማስቀመጫ ሆነው ቀሩ። ጨዋታውን ሁሉ ከኔትወርክ ማውረድ ግድ ሆነ፤ የላሊበላን ኔትወርክ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሁዳዴ የተጀመረ ጨዋታ ለፋሲካ አይደርስም። ሙሉሃብት መሣሪያውን አቅፎ ደሴ ወረደና ደሳለ ባስቀረው በዚያው አካውንት አስጭኖት ተመለሰ። መጀመሪያ ሲያበሩት አምስቱ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። የዚህ ስም ዋና ቤት እዚህ ይሁን ወይ ነው የሚለው። ደሳለ ጥያቄው ደስ አለው። ዋና ቤቱማ እዚህ ነው። አዎን የሚለውን ተጫነ።

በሩን ከፍቶ ሲገባ ወይዘሮ ኡሙሀኒ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። መሣሪያውን ጠቅልለው ያመጡበት ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ነው። አራቱን ሙሉሃብት አሮጌው ስክሪን ላይ ሰክቶት ያጉረመርማል፤ ስክሪኑ ላይ ከተደረደሩት ጨዋታዎች በእያንዳንዱ ሥር ትንሽ የቁልፍ ሥዕል ተንጠልጥላለች። በወዲያኛው ስክሪን ሁለት ጎረምሶች በአምስቱ ኳስ እየተጫወቱ ነው፤ የእነሱ ጨዋታ አልተቆለፈም።

ደሳለ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። እሳቸውም ዱዓቸውን አድርሰው፣ የመንገዱን ብርድ አውርተው፣ የአባቱን ጤና ጠይቀው ሲያበቁ ነው ወደ ጉዳዩ የመጡት። በገበያ ቀን ክፍሏ ጢም ብላ ሳለ ጨዋታው ሁሉ ተቆለፈ። የፍላቂት ጎረምሶች፣ ቁልፉን ውጠውት ነው እንጂ ብለው ሲሳለቁባቸው ዋሉ። ከወልድያ የመጣ አንድ ባለሙያ አየውና መሣሪያው ጤነኛ ነው ብሎ ሄደ።

«እንደ ሽማግሌ ባል ሆኗል» አሉ። «ማጉረምረሙን ያጉረመርማል፣ ሥራ ግን የለም።»

ጎረምሶቹ ሳቁ። ደሳለ ቁልፎቹን ሲያይ ምን እንደተፈጠረ ወዲያው ገባው። ስሙ አንድ ዋና ቤት ብቻ ነው ያለው። ዋና ቤት ያልሆነው መሣሪያ የሚከፍተው ኔትወርክ ሳይቋረጥ ሲኖር ነው፤ እንዲያ ያለ ኔትወርክ ደግሞ ፍላቂትም ላሊበላም የለም። ያን ቀን አዎን ሲል፣ ሳያውቀው ፍላቂት ላይ በር ዘግቷል።

ሙሉሃብት በዓይኑ ጠቀሰውና ውጭ ወጡ። እሱም ገብቶታል። ያለው ባጭሩ ይህ ነው፤ መሣሪያው አርጅቷል በላቸው፣ አንጀቱ ተቃጥሏል በላቸው፣ የፈለግከውን በላቸው እንጂ ስሙን እንዳትመልስ። መመለስ የሚቻለው አንዴ ብቻ ነው፤ ስሙ ወደ አራቱ ከተመለሰ ግማሽ ዓመት ሳይሞላ አይነቃነቅም። አፍ የሌለው አምስቱ ያለ ስሙ ምን ይሠራል? ቴሌቪዥን ላይ የሚቀመጥ ጌጥ ነው። ታች አስፋልቱ ዳር ሌላ ፕሌይ ቤት ተከፍቷል፤ ጎረምሳው አንዴ እግሩን ካነሳ አይመለስም። አንተ ደግሞ ወደ አባትህ ገብስ ማሳ ትመለሳለህ አለው።

ይህ የመጨረሻው ደሳለን ወጋው። የአባቱ ማሳ ይምርሐነ ክርስቶስ መሄጃው ላይ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት የቀረ ጊዜ አንድ ክረምት እዚያ ሠርቷል። ሥራው አልነበረም የከበደው። ማታ ማታ አባቱ ትክ ብለው ያዩት ነበር፤ የከበደው እሱ ነው።

ሲመለሱ ወይዘሮ ኡሙሀኒ አምስቱን ትኩር ብለው እያዩ ነበር። ሙሉሃብት ነገሩን ለማስረሳት ስለመጪው ያወራላቸው ጀመር። ስልኩ ላይ እንዳነበበው ከሆነ ስድስቱ ሲመጣ ሳጥንም ላይኖረው ይችላል፤ ጨዋታው ከሩቅ አገር በአየር ይመጣል፣ ስክሪን ያለው ሁሉ ይጫወታል፣ የሚሰካ የሚነቀል የለም።

«መንፈስ ነው በለኛ» አሉ።

«እንደዚያ በሉት እትዬ።»

«ታዲያ እናንተ ስትጠግቡት ለኔ ምኑን ልትሸጡልኝ ነው?»

ሙሉሃብት ወደ ደሳለ ዞረ። ደሳለም አሰበው። ሳጥን ከሌለው መንገድ አይወጣም። ደሴ አይጠግበውም፣ ወልድያ አይሰለቸውም። ኔትወርክ ያለው ዘንድ ሁሉም ይኖራል፣ ሌላው ዘንድ ግን አሮጌው እንኳ አይደርስም። በሐሳቡ ያ ከደመና ኋላ ያለው ሜዳ ባዶውን ታየው። ቀና ሲል ወይዘሮ ኡሙሀኒ እሱን እያዩት ነው፤ ጥያቄውን እሱ እንዲመልሰው የፈለጉ ይመስል።

አርጅቷል ሊላቸው አፉን ከፈተ። የወጣው ሌላ ነው።

«ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም እትዬ። እኔ ነኝ አንድ ነገር ያስቀረሁት።»

ሙሉሃብት ዓይኑን ጨፈነ። ደሳለ ስለ አካውንቱ፣ ስለ ዋና ቤቱ፣ ለምን እንዳስቀረውም ነገራቸው፤ ስሙ ሲመለስ አምስቱ ምን እንደሚሆን ግን አላነሣም። ሲነግራቸው ለራሱም የልጅ ጨዋታ መሰለው። ወይዘሮ ኡሙሀኒ ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ እየደባበሱ አዳመጡት።

«ገመድ መሆኑ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎን።»

«በኛም ዘንድ ገመድ ይቀራል። አባቴም ያስቀሩ ነበር፣ አላህ ይዘንላቸውና። ገመድ አስቀርቶ ላም የሚሸጥ አውቃለሁ። ጡቷን አስቀርቶ የሚሸጥ ግን ካንተ ሌላ አላየሁም፣ ወንድሜ።»

ከጎረምሶቹ አንዱ በሳቅ ጆይስቲኩን ጣለ። ደሳለም ፈገግ አለ፤ ፊቱ ግን ግሏል። ስልኩን አወጣ፣ ኔትወርኩን ከፈተ፣ አራቱ ላይ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገባ። ሙሉሃብት ክንዱን ያዘው፣ ወዲያው ለቀቀው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ መዞር ጀመረች። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ክቧ ትቆማለች፣ ትዞራለች። ቤቱ ውስጥ ያለው የማራገቢያው ማጉረምረምና የወዲያኛው ጨዋታ ጩኸት ብቻ ነው። ቆይቶ ቆይቶ ያ ጥያቄ መጣ፤ የዚህ ስም ዋና ቤት እዚህ ይሁን ወይ? ደሳለ ጣቱን ትንሽ አቆየና ተጫነው።

ከጨዋታዎቹ ሥር ቁልፎቹ አንድ በአንድ ረገፉ።

ወይዘሮ ኡሙሀኒ አልሐምዱ ሊላህ አሉ። ያኔ ነው ከወዲያ በኩል ጎረምሶቹ የጮኹት። ኳሱ ግብ ሳጥን ውስጥ ሳለ ሜዳው ጨልሞ፣ መሀሉ ላይ ጽሑፍ ወጥቶበታል። ጽሑፉን ሲያነሱት የጨዋታዎቹ ዝርዝር መጣ፤ ቁልፎቹ አሁን እዚያ ተንጠልጥለዋል። ጎረምሶቹ ተያዩ። የተሸነፈ ስለሌለ ማን እንደሚከፍል ትንሽ ተከራከሩና ሁለቱም ሳይከፍሉ ወጡ። ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ሲሄዱ ድምፃቸው ይሰማ ነበር።

ወይዘሮ ኡሙሀኒ አንዱን ስክሪን አዩ፣ ከዚያ ሌላውን።

«ያኛው ምን ሆነ?»

«ስሙ ሁለት ቤት አያድርም» አለ ደሳለ።

«እስከ መቼ?»

«ግማሽ ዓመት ይላል።»

«ቅድም ስትነግረኝ ይህን አላልክም።»

«አላልኩም።»

ከመንገዱ የሚኒባስ ረዳት ጋሸና፣ ጋሸና እያለ ይጣራል፤ ወደ ፍላቂት የሚሄድ የሚያልፈው በጋሸና ነው። ወይዘሮ ኡሙሀኒ ተነሡ። ብርድ ልብሱን ዘረጉና ጫፍ ለጫፍ አገጣጥመው አጠፉት፤ እንደገና አጠፉት። ሙሉሃብት አራቱን ነቅሎ ሊያቀብላቸው ጎንበስ ሲል እጃቸውን አንሥተው ከለከሉት። «ግማሽ ዓመቱ እስኪሞላ እዚሁ ያጉረምርም» አሉ። መሣሪያው እንደተሰካ፣ ጨዋታዎቹ እንደተከፈቱ ቀረ።

«እትዬ፣ መሣሪያው» አለ ደሳለ።

የታጠፈውን ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ደፉን ተሻግረው ወጡ። ደሳለ እስከ በሩ ተከተላቸው። ረዳቱ የሚኒባሱን በር ከፈተላቸው፤ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጡ። ወደ ፕሌይ ቤቱ አልተመለከቱም። ሚኒባሱ መታጠፊያው ላይ አንዴ ጥሩንባ ነፋና ሄደ።