ኦይታ የጠበቁት መድኃኒት

ሔርሜላ ከምትማርበት ከህንድ አገር ለእረፍት ስትመጣ አጎቷ ኦይታ አርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄደው ተቀበሏት። ጊዜው 2006 ዓ.ም. የካቲት ነው፤ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ላይ ይንቀለቀላል። ኦይታ ግን ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ልትስማቸው ስትጠጋ ፊታቸውን መለስ አደረጉ። ወደ መንደራቸው ወደ ጫኖ በሚወስደው መኪና ውስጥ ነፋሱ ነጠላውን ሲገልጠው ግን አየችው። የታችኛው ከንፈራቸው በግራ በኩል አብጧል፤ መሐሉ ላይ ጠርዙ የደነደነ ቁስል ተቀምጧል።

ምንድነው ብላ አልጠየቀችም። የምታጠናው ካንሰር ነውና ማወቁ አላቃታትም።

አባቷ የሞተው ገና ዳዴ ስትል ነው። ያሳደጓት ኦይታና ባለቤታቸው ሻሺቱ ናቸው። ኦይታ በጉብዝናቸው ጊዜ ከጨንቻ ደጋ ወርደው ጫኖ ላይ ሙዝና ማንጎ የተከሉ ሰው ናቸው። አገሩ የሚያውቃቸው ግን ከእርሻቸው ይልቅ በአንደበታቸው ነው። በመስኖ ውኃ የተጣሉ ጎረቤቶች፣ በድንበር የተቀያየሙ ወንድማማቾች ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌዎች ነገር በሚያዩበት መስክ፣ ሲቀርቡ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ቀስ ብለው፣ አንዱን ቃል ከሌላው እያራራቁ ይናገራሉ፤ ተቆጥቶ የመጣ ሰው እነዚያን ቃላት ሲጠብቅ ቁጣው ይበርድለታል።

ቤት እንደደረሱ ሻሺቱ ሔርሜላን ወደ ጓሮ ወስደው ሁሉንም ነገሯት። አርባ ምንጭ ሆስፒታል ዶክተሩ ከቁስሉ ላይ ናሙና ወስዶ ካንሰር መሆኑን ከነገራቸው ወራት አልፈዋል። ቶሎ አዲስ አበባ ሄደው እንዲቆረጥላቸው አጥብቆ መክሯቸው ነበር። ኦይታ ግን እምቢ አሉ።

«አንቺን እየጠበቁ ነው» አሉ ሻሺቱ። «በስልክ የነገርሻቸውን መድኃኒት።»

ሔርሜላ ባለፈው መስከረም ደውላ፣ በደስታ ብዛት ትንፋሽ እያጠራት፣ ስለ ሥራዋ ያወራችላቸው ትዝ አላት። መድኃኒቱን በዓይን በማይታዩ ደቃቅ ናኖ ቅንጣቶች ውስጥ እንደሚያስገቡት፣ ቅንጣቶቹ በደም ሄደው ዕጢው ላይ እንደሚከማቹ ነግራቸዋለች። መድኃኒቱ ጨለማ ውስጥ እስካለ ማንንም አይጎዳም፤ ዕጢው ላይ ቀይ ብርሃን ሲበራበት ግን ይነቃና የታመመውን ሥጋ ብቻ ያቃጥላል ብላቸው ነበር። ያን ጊዜ ኦይታ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ ቢላ አያስፈልገውም ማለት ነው? ብለው ጠየቁ። አያስፈልገውም አለቻቸው። ያኔ ከንፈራቸው ላይ ቁስሉ መውጣቱን እሷ አታውቅም።

በማግስቱ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። ዶክተሩ ታዴዎስ ከእሷ ጋር አብሮ የተማረ ልጅ ነበር። በኦይታ አንገት ላይ በግራ በኩል ንፍፊት መውጣቱን፣ በሽታው ከከንፈር አልፎ መንጋጋ መንካቱን ነገራት። የሌላ አገር ሐኪሞች ከቆዳ በታች ያልዘለቀን ትንሽ ካንሰር በብርሃን እንደሚያክሙ እሱም አንብቧል። ይህ ግን ጠልቋል፤ ብርሃኑ እስከዚያ አይደርስም። አሁን ከሄዱ ከከንፈራቸውና ከመንጋጋቸው የሚቆረጠው ተቆርጦ የመኖር ዕድል አላቸው። ከዘገዩ ግን ቢላ ለማንሳት የሚደፍር ሐኪም እንደማያገኙ ሳይደብቅ ነገራት።

ስትመለስ ኦይታን ሙዙ መሐል የመስኖውን ውኃ ሲመልሱ አገኘቻቸው። ነጠላውን ከአፋቸው ላይ አውርደዋል። ቦዩ ዳር ተቀመጡና አጠገባቸው እንድትቀመጥ በእጃቸው ጠቆሟት።

«ሻንጣሽ ውስጥ አረንጓዴ ጠርሙስ አለ» አሉ። «ሻሺቱ ልብስሽን ስታወጣ አይታዋለች። እሱ ነው?»

እሱ ነበር። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ላሉ የቀድሞ መምህሮቿ ልታሳይ ያመጣችው ናሙና ነው።

«እሱ ነው አባባ። ግን ለሰው አልደረሰም።»

«ለማን ደረሰ?»

«ለአይጥ።»

ኦይታ ቦዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅጠል እያዩ፣ «እኔ ከአይጥ አንሳለሁ?» አሉ።

ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር ጥያቄ ነበር። ቢቆረጡ አፍ እንደማይኖራቸው፣ አፍ የሌለው ሰው ዱቡሻ ወጥቶ ምን እንደሚሠራ ጠየቋት። እንድትሞክርባቸው ለመኗት። ቢሞቱ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ በሽማግሌዎች ፊት እንደሚናገሩ፣ ለትምህርቷም እንደሚጠቅማት አስረዷት። ነገር ማስረዳት ሥራቸው ነውና እያንዳንዱን ማምለጫዋን ቀድመው ዘጉባት። ሔርሜላም ለአፍታ ልቧ ሸፈተ። ጠርሙሱ ቤት አለ። ቀይ መብራት ከዩኒቨርሲቲው መዋስ ትችላለች። እሺ ብትላቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚፈካ ታያት።

«አይጦቹ ሞተዋል» አለች።

ኦይታ ዞረው አዩዋት።

«ዕጢው ጠፍቶላቸው ነበር አባባ። እሱ እውነት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አብዛኞቹ ሞቱ። ቅንጣቶቹ መድኃኒቱን ካደረሱ በኋላ ከሰውነት አልወጡም፤ ጉበታቸው ውስጥ ተከማቹ። ይኸን ያወቅነው ከነገርኩዎት በኋላ ነው።»

«አውቀሽ ግን አልደወልሽም።»

«አልደወልኩም።»

ኦይታ የጭቃውን ግድብ በእግራቸው ገፍተው ውኃውን ወደ ቀጣዩ መስመር መለሱት፤ ሥራቸውን እንደጨረሱ ዶማቸውን አነሱ።

«መቼ እንሂድ?» አሉ።

ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። በአባታቸው መሬት የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ጉዳይ ሳይቋጭ በእጃቸው ነበር፤ እሱን ልጨርስ አሉ። በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ቁስላቸውን ሳይሸፍኑ ወደ ዱቡሻው ወጡ። ሔርሜላ ከአጥሩ ወዲያ፣ ድምፃቸው ደርሶ ቃሉ ከማይለይበት ርቀት ቆመች። ረጅም ጊዜ ተናገሩ። አንዳንዴ እያመማቸው ያቆማሉ፤ ሽማግሌዎቹም ይጠብቋቸዋል። በመጨረሻ ሁለቱ ወንድማማቾች ከያሉበት ተነሥተው ሲተቃቀፉ አየች። ኦይታ ግን አልተነሡም፤ ሌሎቹ እስኪበተኑ ድረስ ሣሩ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ።

አዲስ አበባ ላይ ቀዶ ሕክምናው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። የታችኛው ከንፈራቸው፣ ከመንጋጋቸው የግራው ክፍልና የአንገታቸው ንፍፊት ወጣ። ከጭናቸው ሥጋ ተወስዶ ጉድለቱ ተሞላ። ሲነቁ ሔርሜላ የመጀመሪያ ቃላቸው ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ደግመው ቢሉትም አልገባትም። ሻሺቱ ጎንበስ ብለው ሰሙና «ውኃ ነው የሚሉት» አሏት።

ሔርሜላ ወደ ትምህርቷ ስትመለስ ከመምህሯ ጋር ተነጋግራ የቅንጣቶቹን ሥሪት ቀየረች። ሥራውን ጨርሶ ሰውነት ውስጥ የሚሟሟ ነገር መፈለግ ያዘች። ኦይታ ደግሞ ጫኖ ተመለሱ። ንግግራቸው የሚገባው ለሻሺቱ ብቻ ነበር። ሰው ግን መምጣቱን አልተወም። የተጣሉት ቤታቸው ድረስ መጥተው ደጃቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ኦይታ አንዱ እንዲናገር በምልክት ይጠቁማሉ፣ ሌላው እስከ መጨረሻው እንዲሰማ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ቃል በሻሺቱ አፍ ይናገራሉ። አንዳንዱ ይታረቃል፤ አንዳንዱ ሳይታረቅ ይሄዳል።

ሔርሜላ በሁለተኛው ዓመት መጥታ ስትጠይቃቸው ከስተው አገኘቻቸው። በሽታው በአንገታቸው በቀኝ በኩል ተመልሷል። ሻሺቱን ወደ ራሳቸው አስጠግተው አንድ ነገር አሉ።

«ሥራሽ እንዴት ነው ይሉሻል» አሉ ሻሺቱ።

ሔርሜላ ሁሉንም ነገረቻቸው። አዲሶቹ ቅንጣቶች ይሟሟሉ፤ አይጦቹ አልሞቱም። ግን መንገድ ላይ ቶሎ ስለሚሟሙ መድኃኒቱ ዕጢው ጋ ሳይደርስ ይፈስሳል፤ ዕጢው ትንሽ ቀንሶ ተመልሶ ያድጋል። ለሰው የሚደርስበትን ጊዜ እንደማታውቅ፣ ጭራሽ ላይደርስም እንደሚችል ነገረቻቸው። ኦይታ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ ሳያነሡ አዳመጡ። ስትጨርስ እጇን ያዙና ለረጅም ጊዜ አለቀቁትም።

ያረፉት በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ነው። ሔርሜላ ለቅሶ የደረሰችው ከወራት በኋላ፣ ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ ነበር። ሰው ተሰብስቦ ሲያጽናናት ልክነሽ የምትባል የጎረቤት ሴት ቀስ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። ጡቷ ላይ እብጠት ከወጣ መክረሙን በጆሮዋ ነገረቻት፤ ለባሏም አልነገረችም። ያ የብርሃን መድኃኒት እስኪመጣ ልጠብቅ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«አትጠብቂ» አለች ሔርሜላ። «እሱ ገና ነው። ነገ ጠዋት ታዴዎስ ዘንድ እንሄዳለን።»

ልክነሽ እንባዋ መጣ። ቢላ እፈራለሁ አለች። ሔርሜላ እሷም እንደምትፈራ ነገረቻት እንጂ አትፍሪ አላለቻትም። በማግስቱ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ሁለቱ ሴቶች አንድ ባጃጅ ተሳፍረው ወደ አርባ ምንጭ ሄዱ።