ግራው ከላይ

ሺገዮ ስትናደድ አትጮህም። ይህን እኔን ጎረቤቷን ጨምሮ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ድምፅዋ ዝቅ ሲል ዓሣ ሻጩ እንኳ ሚዛኑን ደግሞ ያያል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጃፓኗ ካናዛዋ ከተማ ሙሽሮችን ኪሞኖ፣ ግራና ቀኙ ፊት ላይ ተደራርቦ በመቀነት የሚታሰረውን የአገሩን ልብስ፣ ስታለብስና አለባበሱን ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። በእጇ ያለፈ አንገትጌ ተጣሞ አያውቅም ይባላል። የምትለው እሷው ራሷ ናት፤ ውሸት ግን አይደለም።

የዚያን ቀን ግን ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ተበላሸባት።

ትምህርቱ በኢንተርኔት፣ በቀጥታ ነበር። አዘጋጁ ሙራሳዋ የሚባል ጎረምሳ ነው፤ ለተማሪዎቹ በየአገራቸው ስስ የበጋ ኪሞኖና መቀነት በፖስታ ልኮላቸዋል፤ ኮምፒውተሩን ሳሎኗ ውስጥ ደቅኖ የምትለውን በእንግሊዝኛ ይተረጉማል። ገና ሳይጀመር ተጨቃጭቀዋል። የኪሞኖ አስተማሪ ጀርባዋን ለተማሪዋ ሰጥታ ነው የምታሳየው፤ የእሷ ግራ የተማሪዋም ግራ እንዲሆን። ሙራሳዋ ግን ደንበኞቹ የመጡት ፊቷን ሊያዩ እንጂ ጀርባዋን ሊያዩ አይደለም ብሎ ድርቅ አለ። እሺ አለችው። እስከ ዛሬ ራሷን የምትረግመው በዚያች እሺ ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ፊት ለፊት ቆማ አሳየች፤ ግራው ከላይ፣ ቀኙ ከሥር እያለች፣ ዓይኗን ከገዛ እጇ ሳታነሳ። ሲያበቃ ሙራሳዋ የሁሉንም ፎቶ ላንሳ ብሎ ስክሪኑን ወደ እሷ አስጠጋው።

ሃያዎቹም ቀኙን ከላይ አድርገዋል። እንደ መስታወት ነበር የተከተሏት።

ቀኙን ከላይ አድርጎ የሚለብስ የሞተ ሰው ብቻ ነው። ሺገዮ ባሏን ባለፈው መስከረም እንዲያ አድርጋ፣ በገዛ እጇ አልብሳ ሸኝታዋለች። አሁን ሃያ ሬሳ ተደርድሮ እጁን እያወዛወዘ ይስቅላታል።

"ግራ ያልኩትን ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?"

"ግራ ቀኝ እያልኩ ከማደናግራቸው የሚያዩትን ይከተሉ ብዬ ነው፣ መምህርት። ደግሞስ ማን ያውቅባቸዋል? ያምራሉ እኮ።"

ፎቶው የሺገዮ ተማሪዎች ተብሎ ለማስታወቂያ ሊወጣ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የለበሱት የሬሳ አለባበስ መሆኑን፣ ጥፋቱም የእሷ መሆኑን እንዲነግራቸው አዘዘችው። ጉሮሮውን ጠርጎ ተረጎመ። የተማሪዎቹ ፈገግታ ጭራሽ ሰፋ፤ አንዷማ እጅ ነሳች። ሺገዮ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ሬሳ መስለሻል የተባለ ሰው ግን እንደዚያ እንደማያመሰግን ታውቃለች።

"አሁንስ ምን አልካቸው?"

"መምህርት ኮርተውባችኋል አልኳቸው። ምን ላድርግ? ሰው ከፍሎ ተምሮ ሬሳ ነህ ይባላል እንዴ?"

መቀነቷን ፈታች። የራሷን ኪሞኖ ቀኙን ከላይ አድርጋ ዘጋችና ካሜራው ፊት፣ ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ ተዘረጋች። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ዓይኗን ጨፈነች። በንዴት ትንፋሿ ከፍ ዝቅ ባይል ኖሮ፣ እኔ ጎረቤቷ እንኳ ባያት ለቀብሯ በተጣደፍኩ ነበር።

ሳቁ ከአንድ ወገን ጀምሮ ተቆረጠ። አንዲት ሴት አፏን በመዳፏ ያዘች። የገባቸው ላልገባቸው ነገሩ፤ ተርጓሚም አላስፈለጋቸው።

ሺገዮ ተነሳች፤ ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ ግራውን ቀስ አድርጋ ከላይ አመጣችው። ስክሪኑ ውስጥም መቀነት ይፈታ ጀመር።

ሙራሳዋ ሰዓቱ እንዳለፈ፣ በዚህ ከቀጠለች የሚቀጥለው ወር ትምህርት እንደሚሰረዝ አንሾካሾከላት። ይሰረዝ አለችው። አሥራ ዘጠኙ አስተካክለው ጨረሱ። አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ ብቻ መቀነቱ ጉልበቱ ላይ ተጠላልፎበት፣ ግራና ቀኙ ጠፍቶት ላብ አጥምቆታል። ሙራሳዋ እጁን ወደ ኮምፒውተሩ መዝጊያ ሰደደ።

"ሰውዬውን እንደ ሬሳ እንደለበሰ ብትዘጋበት፣" አለች ሺገዮ፣ "አንተንም እንደሱ አልብሼ ነው ከዚህ ቤት የማስወጣህ።"

እጁን ሰበሰበ። እሷም ሽማግሌውን አንገቷን አዙራ እያየች፣ ኪሞኖዋን ፈትታ ከመጀመሪያው ጀመረችለት።