ቀዳዳ የሌላቸው ቁልፎች

የነገሩ መነሻ የጥርስ ብሩሽ ነው። ባሌ ጥርሱን በቦረሸ ቁጥር ድዱ ይደማና የእጅ መታጠቢያውን ሮዝ ያደርገው ነበር። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፣ መታጠቢያው ነጭ እንደሆነ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን እሰይ ትል ነበር። እኔን ግን ነገሩ ሸተተኝ።

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የቀኝ እግሩ ደም ሥር ተደፍኖ ከብሽሽቱ እስከ ጉልበቱ ሰው ሠራሽ ቧንቧ አስገቡለት። ሐኪሙ የቧንቧውን ናሙና ሲያሳየው ባሌ በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገና "ጨርቁ ደህና ነው" አለ። ሐኪሙ ግን የሚያወራው እኔን እያየ ነበር።

"የራሱ ሥጋ ስላልሆነ ደም ሊረጋበት ይችላል። ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ደም የሚያቀጥነውን ክኒን አንድም ቀን እንዳያጓድል። ይራመድ። ሲጋራ አይንካ። ቧንቧው ከተደፈነ እግሩን ልናጣው እንችላለን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባቂው ሆንኩ። ኮቱን አሸታለሁ፣ ኪሱን እበረብራለሁ፣ እሁድ እሁድ ክኒኑን እቆጥራለሁ። ቀጠሮው ላይም አጠገቡ ቁጭ ብዬ በሱ ፈንታ እመልሳለሁ። እሱም "ሳጅን" የሚል ስም አወጣልኝ።

የክኒኑ ቁጥር ልክ ነበር። ጠዋት ጠዋት ዓይኔ እያየ አንድ ያወጣና ኪሱ ይከታል፤ ጨጓራውን ስለሚያቃጥለው ሱቁ ደርሶ ከሻይ ጋር ነው የሚውጠው። ድዱን የሚያደማው ይኸው ክኒን ነው፤ ታዲያ ምን አዳነው?

"ድድህ ተሻለው?" አልኩት ዛሬ ቁርስ ላይ።

"ብሩሽ ቀየርኩ።"

ዓይኑን በጨው ታጥቦ ነው የዋሸኝ። ብሩሹን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ያው የድሮው ነው። ትናንት ደግሞ ከእግር ጉዞው ቶሎ ተመልሷል። ረፋድ ላይ ዕቃ ሊገዛ እንደሚወጣ ስለማውቅ ሱቁ ሄጄ መበርበር ጀመርኩ። የሲጋራ ሽታ የለም። ከስፌት መኪናው በታች ያለችውን የቁልፍ ቆርቆሮ ከፍቼ መዳፌ ላይ ገለበጥኩ። የሸሚዝ ቁልፍ አራት ቀዳዳ አለው። ከነጮቹ መሀል ግን ቀዳዳ የሌላቸው ነበሩ።

ክው ብዬ እንደቆምኩ እያነከሰ ገባ። መዳፌን አየ።

"መርፌ ጣቴን ከወጋኝ ሩብ ሰዓት ደሜ አይቆምም" አለ። "ባለፈው ወር የሙሽራ ቀሚስ አበላሸሁ። ደም የሚያንጠባጥብ ልብስ ሰፊ ማን ያሠራዋል?"

"ለሐኪሙ አትነግረውም ነበር?"

"መቼ? አንቺ ሁልጊዜ አጠገቤ ነሽ።"

ይህን ያህል እንደሚፈራኝ አላውቅም ነበር። አፈርኩ። ግን ማነከሱ ከሁሉም በልጦ አስፈራኝ።

"ጫማህን አውልቅ።"

"ሳጅን..."

"አውልቅ አልኩህ።"

ግራ እግሩ ይሞቃል። ቀኙ ግን እንደ ሲሚንቶ ወለል ቀዝቅዟል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከትናንት። መቀመጥ ያደነዘዘኝ መስሎኝ ነበር።"

ታክሲ ጠራሁ። ቁልፉንም ክኒኑንም ቆርቆሮዋ ውስጥ መልሼ በብብቴ ይዣት ወጣሁ።

ድንገተኛ ክፍል ነጭ አንሶላ ላይ አስተኙት። ወጣቱ ሐኪም ክኒኑን አቋርጦ እንደሆነ ጠየቀው። ባሌ እኔን አየኝ። መልሱ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ግን ዋጥኩት።

"ሦስት ሳምንት ሆነኝ" አለ ራሱ። "ስንት እንደሆኑ ልቁጠርልዎት።"

ቆርቆሮዋን ደረቱ ላይ አስቀምጦ፣ ጣራውን እያየ፣ እየዳበሰ አንድ በአንድ መዳፌ ላይ ያኖርልኝ ጀመር። ሃያ አንድ ክኒን። አንድ ቁልፍ እንኳ በስህተት አላነሳም። ሠላሳ ዓመት የሠራ ጣት ነው።

"አሁን እግርዎን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደርጋለሁ፤ ሲሰማዎት ይንገሩኝ" አለው ሐኪሙ።

"እሺ።"

ሐኪሙ ወደ እግሩ ጎንበስ አለ። ባሌ ትንሽ ጠበቀና "ይጀምሩ እንጂ፣ ዶክተር" አለው።

ሐኪሙ የቀኝ እግሩን አምስቱንም ጣቶች ወግቶ ጨርሶ ነበር። አንሶላው ላይ አንዲት ጠብታ ደም የለም። መርፌውን አስቀመጠና ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ደወለ።