የዳኛው ትንፋሽ

በመድኃኒት ቤታችን መስኮት የገባው ማዘዣ ላይ የተጻፈው እንክብል ጠንከር ያለ ስለነበር ደግሜ አነበብኩት። ከመስኮቱ ማዶ ባልና ሚስት ቆመዋል። ባልየው የእግር ኳስ ዳኛ መሆኑን ያወቅኩት ከኋላው ከተሰለፉት ሰዎች ነው።

«ያችን ፍጹም ቅጣት ምት የከለከልከን አንተ ነህ አይደል?» አለው አንድ ወፍራም ሰውዬ።

«ኳሱ የነካው ደረቱን ነው» አለ ዳኛው ዞር እንኳ ሳይል።

«የማንን ደረት? ያንተን?»

ሰልፉ ሳቀ። ዳኛው ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ሳል ያዘው፤ ደረቱ ሲር ሲር ሲል መስታወቱን አልፎ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ ይሄን የሚወስዱት ከድሮው ከሚሳበው የአስም መድኃኒት ጋር ነው?» አልኩት።

«የድሮውማ ውሃ ነው ልጄ! ጠዋትና ማታ አንድም ቀን አላጓደልኩም። ምን ፈየደልኝ?»

ሚስቱ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «በሚመጣው ወር የሩጫ ፈተና አለበት። በሰዓቱ ካልጨረሰ ፊሽካውን ይቀሙታል። ሐኪሙ ደግሞ በዚህም ካልተሻለህ ሩጫ የሚባል ነገር እርሳ ብሎታል። እኔማ ቢቀሙት እልል ነው የምለው! በየሳምንቱ እናቱ እየተሰደበች...»

«እናቴ ሞታለች፤ አትሰማም» አለ ዳኛው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ያለሱ ግን ምን እሆናለሁ?» አለኝ።

እንክብሉን አውጥቼ ይዤዋለሁ። መስጠት ቀላል ነበር። ግን የፋርማሲ ትምህርት ቤት ሳለን አንዲት መምህራችን «ገባዎት? ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። አሳዩኝ በሉ» ትለን ነበር። ሰው ፊት ድምፄ ስለማይወጣ ይሄን ምክር ከመፈጸም ይልቅ ማድነቅ ይቀናኛል። ያን ቀን ግን የደረቱ ድምፅ አላስቻለኝም።

«እስቲ አወሳሰዱን ያሳዩኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ኧረ ጮክ በይ፣ እኛም እንስማ!» አለ ወፍራሙ።

መድኃኒት የሌለበትን፣ ባዶ ጉም ብቻ የሚረጭ የማስተማሪያ ኢንሄለር በመስኮቱ ሰጠሁት። በደንብ ነቀነቀው። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ደረቱን ነፋ፣ አፉ ውስጥ ከተተው፣ ተጫነውና... ፉ! ጉሙ በከንፈሩ ግራና ቀኝ ተመልሶ ወጣ።

«ጋሼ! ነፉት እኮ!»

«እና ምን ላድርገው?»

«ይሳቡት እንጂ! መድኃኒቱ ሳንባዎ ጋ አንድም ቀን አልደረሰም!»

ሚስቱ ጭንቅላቷን ያዘች። «እውነቷን ነው! ጭማቂ በገለባ ስሰጠው እንኳ መጀመሪያ ያንተከትከዋል። ዕድሜ ልኩን ሲነፋ የኖረ ሰው!»

የጎኑን በር ከፍቼ ወጣሁ። ደግሞ ሞከረ፤ ነፋው። ደግሞ፤ ነፋው። «ዳኛ፣ ሳብ! ሳብ በለው!» ይላል ሰልፉ። ዳኛውን ላብ አጠመቀው። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል አንድ ነገር መጣልኝ።

«ፊሽካ ሊነፉ ሲሉ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«አየር እስባለሁ።»

«መድኃኒቱ እዚያች ላይ ነው። ጥፋት ያዩ መስሎዎት ሊነፉ ይሳቡ፤ ከዚያ ጥፋት እንዳልሆነ ገባዎት። አይንፉ! ይያዙት!»

ሳበ። ያዘ። ጉም የሚባል ነገር አልወጣም። ሰልፉ ጎል እንደገባ ጮኸ።

ከዚያ የትንፋሽ መለኪያውን አምጥቼ አስነፋሁት። ጠቋሚዋ የጥንቃቄው ቢጫ ላይ ቆመች።

«ለራሱ ቢጫ አየ!» አለ ወፍራሙ።

አሁን በራሱ መድኃኒት፣ ሲብስበት ቶሎ እንዲያስታግሰው በኪሱ በሚይዘው ሌላ ኢንሄለር፣ እኔ ባልኩት መንገድ ሳበ። ተቀምጠን ጠበቅን። መስኮቱን አለቃዬ ይዛልኛለች፤ ተራው የደረሰ ሰው ግን መድኃኒቱን ተቀብሎም አልሄደም። እንደገና አስነፋሁት። ጠቋሚዋ ቢጫውን ጥላ አረንጓዴው ውስጥ ገባች! ዳኛው ደረቱን ዳበሰ፣ አዳመጠ። «ዝም አለ» አለ። «ዝም አለኮ!»

ለሐኪሙ ደወልኩ። አዳመጠኝና «እኔም አሳየኝ ብዬው አላውቅም» አለ። «አዲሱ ይቆይ። የድሮውን በትክክል ይሳብና በሳምንቱ ልየው።» እንክብሉን ወደ መደርደሪያው መለስኩት። የጠዋትና የማታው እንደ ማስታገሻው ወዲያው እንደማይታወቅ፣ ቢሻለውም እንዳይተወው፣ ከሳበ በኋላ አፉን እንዲጉመጠመጥ ነገርኩት። ይሄን ሁሉ ያልኩት ጮክ ብዬ መሆኑን ያወቅኩት ወፍራሙ «እኔም ገብቶኛል» ሲል ነው።

በሳምንቱ ሐኪሙ አይቶት «ቀጥል» አለው። ከዚያም ልምምድ እንዲጀምር ፈቀደለት።

የፈተናው ቀን ጠዋት ሐሳቤ ሜዳው ላይ ስለነበር ከእጄ የሚወጣውን መድኃኒት ሁሉ አለቃዬ ደግማ እንድታይልኝ ለመንኳት። ረፋዱ ላይ ሚስትየው በሩን በርግዳ ገባች፤ ሰልፉን ጥሳ መስታወቱን መታችው።

«አለፈ! መጨረሻ ነው የገባው፣ ግን በሰዓቱ ገባ!»

«ደረቱስ?»

«የምን ደረት! እዚያው ሜዳ ላይ ቆሞ ከሰዓት ያዡ ጋር እየተከራከረ ነው። ከዚህም ፈጥኛለሁ ይላል!» እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ሳቀች። «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ እኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ልንሰደብ ነው።»

የሚቀጥለውን ሰው ትንሽ አስጠበቅኩት። ሳቄ አልቆም ብሎኝ ነው።